ሲበላሽ ምን ያደርጋል? ስለ መኪና ቬንትሌተር፣ ስለ ነዳጅ ፓምፕና ስለ ሶሊድ ስቴት ሪሌ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከእኔ በኋላ ምሳ ስላለ ሃያ አንደኛዋን ደቂቃ ማንም እንደማይሰማኝ ዐውቃለሁ። ከመካከላችን ግድብ የሠሩ፣ መንገድ የቀየሱ፣ ትልልቅ ማሠራጫ ጣቢያ ያቆሙ አሉ። እኔ የማወራችሁ በመዳፍ ውስጥ ስለሚገባ ዕቃ ነው። እሱ ሲሳሳት ግን ቴስታታ ይጣመማል፤ ሲብስም መኪና ይቃጠላል።

ላለፉት ዓመታት ኑሮዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። አብዛኛው ደንበኛዬ የታክሲ ሾፌር ነው። በእነሱ መኪና ላይ ቶሎ ቶሎ ከሚሞቱት ዕቃዎች አንዱ የቬንትሌተር ሪሌ ነው፤ ያችን ባለ አራት እግር ጥቁር ኩብ ማለቴ ነው። 85 እና 86 የተባሉት እግሮች ከውስጥ ካለው ጥቅል ሽቦ ጋር ይገናኛሉ፤ 30 እና 87 የተባሉት ትልቁን ከረንት ያሳልፋሉ። ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ምላሱን ሲስብ ኮንታክቱ ይገጥማል፣ ሲለቅ ይከፈታል። በከፈተ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ። ያቺ ብልጭታ ናት ዕድሜውን የምትበላው።

እስቲ እናስላው። እንዲህ ያለ ሪሌ በሙሉ ጭነት 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። ቀኑን ሙሉ በመገናኛና በመርካቶ መጨናነቅ ውስጥ የሚውል ታክሲ ቬንትሌተሩ በቀን 200 ጊዜ በርቶ ቢጠፋ 100 ሺህ የሚሞላው በ500 ቀን ነው። ሞተር ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። በሥራ ላይ 20 አምፒየር የሚጠቀም ቬንትሌተር ሲነሣ 60 እና ከዚያ በላይ ቢጠይቅ አይገርምም። ስለዚህ «ሪሌው ገና አዲስ ነው» የሚል ሾፌር ሲመጣ እውነቱን ነው፤ አዲስ ነበር።

የአዲስ አበባ ከፍታ ነገሩን ያብሰዋል። በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ብዙ ቬንትሌተሮች ደግሞ የሚነሡት ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ይኼ ማለት የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው ሊፈላ የሚችለው ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሣ ነው! ደህና ክዳን 0.9 ባር ቢይዝ መፍያው ከ110 ዲግሪ ያልፋል። አየሩም ቢሆን ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ቬንትሌተር በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ደንበኞቼን ሪሌ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳን ግዙ የምላቸው ለዚህ ነው። የሚሰማኝ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ሶሊድ ስቴት ሪሌ ልምጣ። ምላስ የለውም፣ ጥቅል ሽቦ የለውም፣ ብልጭታ የለውም። ከረንቱን የሚያሳልፈውና የሚያቆመው ሴሚኮንዳክተር ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። የወረሰው ግን አንድ ችግር አለ፤ ገበያችን ላይ በዚህ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ለመኪና አልተሠራም። ለ220 ቮልት ምድጃና ለፋብሪካ ማሞቂያ የተሠራ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሾፌር መጣ። ቬንትሌተሩ አይጠፋም። ቁልፉን ነቅሎ ሲሄድ ይነፍሳል፣ ጠዋት ሲመጣ ባትሪው ሞቷል። ኮፈኑን ስከፍት ነጭ አራት ማዕዘን ሶሊድ ስቴት ሪሌ በሁለት ቡሎን ታስሮ አየሁ፤ 40 አምፒየር ይላል። በአንዱ በኩል «ከ3 እስከ 32 ቮልት ዲ.ሲ.» ተጽፏል። የገጠመው ባለሙያ ይህን አንብቦ «12 ቮልት መሐል ላይ ነው፣ ይሠራል» ብሏል። ያ ቁጥር ግን የትእዛዙ በኩል ነው። ጭነቱ በሚገናኝበት በሌላው በኩል «ከ24 እስከ 380 ቮልት ኤ.ሲ.» ይላል። ውስጡ ያለው ታይሪስተር ነው። መምህሮቻችን ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዳስተማሩን ታይሪስተር አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ከረንቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብቻ ነው። ኤ.ሲ. በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያልፋል። ባትሪ ግን ዜሮን የሚያልፈው ሲሞት ነው። ዕቃው አልተበላሸም ነበር፤ የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነበር።

በዚያ ላይ ታይሪስተር ከ1 ቮልት በላይ ይበላል። 1.2 ቮልት ቢበላ በ20 አምፒየር 24 ዋት ሙቀት ነው፤ በመጠኑ የሚያስተኩስ የብየዳ ብረት ያህል ሙቀት ከራዲያተሩ ጎን ተቀምጧል ማለት ነው።

ሾፌሩን ይህን ሳስረዳው ሳቀ። «ቢነፍስ ምን ይጎዳል ጋሼ? ማቀዝቀዙ ነው» አለኝ። በግማሽ ልክ ነው። አስከትሎ የተናገረው ነው እንቅልፍ የነሣኝ፤ ያው ባለሙያ በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳዩን ዕቃ ለነዳጅ ፓምፑ ሊያደርግለት ቀጠሮ ይዘዋል። ለባለሙያው ሁለቱም 12 ቮልት ናቸው፣ ሁለቱም ሞተር ናቸው፣ ፓምፑ እንዲያውም ከ5 እስከ 7 አምፒየር ብቻ ስለሚወስድ ይቀላል።

አሁን ትክክለኛውን ዕቃ፣ ማለትም በሞስፌት የሚሠራውን የዲ.ሲ. ዓይነት ገዛን እንበል። 5 ሚሊኦም ያለው ሞስፌት በ20 አምፒየር የሚያባክነው 2 ዋት ነው፤ ሲግል ተቃውሞው ስለሚጨምር ከ3 ዋት በላይ ይደርሳል። አሮጌው ሪሌ ምላሱን ስቦ ለመያዝ ብቻ ወደ 2 ዋት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በሙቀት ተራራቁ አይባልም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ሞስፌቱን በሰከንድ ብዙ ጊዜ አብርቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ስለዚህ ቬንትሌተሩን ቀስ አድርገን እናስነሣዋለን፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እናዞረዋለን። የቬንትሌተር ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንስ የሚወስደው ኃይል ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ማታ መብራት አብርቶ፣ ዝናብ መጥረጊያ ከፍቶ፣ በዝግታ በሚዞር ሞተር ላይ በሰልፍ ለሚቆም ሾፌር ዲናሞው የሚያወጣው ውስን ስለሆነ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ቬንትሌተሩ በተነሣ ቁጥር መብራቱ አይደበዝዝበትም።

በዚህ ዘዴ ስትሠሩ ግን ዳዮዱን አትርሱ። ሞስፌቱ ሲዘጋ በሞተሩ ውስጥ ያለው ከረንት መሄጃ ይፈልጋል፤ በሞተሩ ጫፎች ላይ ፈጣን ዳዮድ ካላገኘ በሞስፌቱ ውስጥ ጥሶ ይወጣል። እያንዳንዷ ምት ታደክመዋለች። ዲናሞ ቻርጅ እያደረገ የባትሪ ሽቦ ሲላቀቅ ደግሞ መስመሩ ላይ ለአፍታ ብዙ አሥር ቮልት ይነሣል። ስለዚህ «12 ቮልት ነው» ብሎ 20 ቮልት የሚችል ሞስፌት መግጠም አይሆንም። ባትሪ በተገላቢጦሽ ቢታሰርም ሞስፌቱ አያግድም፤ በውስጡ ያለው ዳዮድ ያስተላልፋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ቢሠራም አንድ ቀን ይሞታል። የእኔ ጥያቄ እንዴት ሆኖ ይሞታል የሚል ነው። አሮጌው ሪሌ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ክፍት ሆኖ ነው፤ ጥቅሉ ይበጠሳል፣ ኮንታክቱ ይነድዳል፣ እግሩ ይዝጋል። ተጣብቆ የሚቀርም አለ፤ ጎኑን ሲመቱት የሚለቅ ማለቴ ነው። ሞስፌት ግን ሲቃጠል በብዛት ተገጣጥሞ ይቀራል። ቢመቱትም ቢያዝዙትም አይከፈትም።

ቬንትሌተር ላይ ይህ ፀባይ ይመቸናል። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ የወረደ መኪና ወደ ደጀን ሲወጣ ቬንትሌተሩ ከሚቆምበት ይልቅ አልጠፋ ቢለው ይሻላል። ባትሪ ይሞት ይሆናል፤ ቴስታታው ግን ይተርፋል። ብዙ አምራቾች የሚገጥሙት የቬንትሌተር መቆጣጠሪያም ከኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ሲቋረጥበት በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር የተደረገው ይህን አስበው ነው።

ፓምፕ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ምሽት ሠፈራችን ውስጥ ሁለት መኪኖች ተጋጩ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። አንደኛው መኪና ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሾፌሩ ደንግጦ ወጥቷል፣ ቁልፉ ግን እንደበራ ነው። ቤንዚን ይሸታል። ጠጋ ስል ከኋላ ወንበር ሥር «እዝ...» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፓምፑ እየሠራ ነው! ከዚያ በፊት አንድ ሰው ፓምፑን ከቁልፉ በቀጥታ ስቦለት ኖሯል። በ3 ባር ግፊት ቤንዚን በተቆረጠ ቱቦ በኩል ወደ ጋለ ማራሚታ አቅጣጫ እየተረጨ ነበር። ቁልፉን አጠፋሁት፤ ፓምፑ ቆመ። በዚያ መስመር ላይ የተቃጠለ ሞስፌት ቢሆን ኖሮ፣ መስመሩም ከባትሪ በቀጥታ ቢመጣ፣ ቁልፍ ማጥፋቱ ምን ይረዳ ነበር?

የድሮ መሐንዲሶች ይህን በደንብ አስበውበታል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ አንዳንድ ቶዮታዎች ውስጥ አየር የሚለካው ሣጥን በውስጡ የምትከፈት መዝጊያ አለችው። ከመዝጊያዋ ጋር የተያያዘ ኮንታክት አለ፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ይገጥማል፣ ሞተሩ ሲቆም ይከፈትና ፓምፑን ያጠፋዋል። ሞተሪኖው በሚያስነሣበት ጊዜ ብቻ በሌላ መንገድ ኃይል ያገኛል። ኋላ ላይ ይኼን ሥራ ኮምፒዩተሩ ወሰደው፤ የሞተሩ መዞር ምልክት ለሁለት ሰከንድ ያህል ከጠፋበት ሪሌውን ይለቀዋል። ብዙ የፎርድ መኪኖች ደግሞ በማግኔት የተያዘች የብረት ኳስ ያለባት ማብሪያ ነበራቸው፤ ግጭት ሲመጣ ኳሷ ከቦታዋ ትዘልና መስመሩን ትቆርጣለች። አንድም ሶፍትዌር የለበትም። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህች ኳስ የተሻለ ንድፍ አላየሁም።

ስለዚህ የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። የፓምፑን ፍጥነት ለመቆጣጠር ሞስፌት እጠቀማለሁ፤ በጨናነቀ መንገድ ላይ ፓምፑ በሙሉ ኃይል እየዞረ ነዳጁን ከሚያሞቅ ቀነስ ቢል ጥሩ ነው። ከሞስፌቱ በፊት ግን አሮጌውን ሪሌ አልነቅለውም። በፋብሪካው ትእዛዝ፣ በፋብሪካው ሽቦ፣ እንደነበረ ይቀመጣል። ሁለቱ የሚሞቱበት ምክንያት የተለያየ ስለሆነ በአንድ ቀን አብረው ተጣብቀው የመቅረታቸው ነገር ጠባብ ነው። ሲነሣ ሪሌው ይቀድማል፣ ሞስፌቱ ይከተላል። ሲጠፋ ሞስፌቱ ይቀድማል። እንዲህ ሲሆን ሪሌው ከረንት ሳይኖር ይከፍታል ይዘጋል፤ ብልጭታ ስለሌለ በፊት የነገርኳችሁ የ100 ሺህ ሒሳብ አይመለከተውም። ሌላም ትርፍ አለው። ሪሌው ገጥሞ ሞስፌቱ ገና ባልታዘዘባት ቅጽበት ፓምፑ ላይ ቮልት ከታየ ሞስፌቱ ሞቷል ማለት ነው፤ ሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል። ወጪው አንድ ሽቦና ጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው።

ለዚያ ሾፌር ቬንትሌተሩን በሞስፌት ሠራሁለት። ፓምፑን አልነካሁትም፤ ምንም ችግር አልነበረበትም እኮ! የባለሙያውንም ስልክ ተቀብዬ ደወልኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ መጥቶ ከሰዓት በኋላውን አብሮኝ ዋለ። ጎበዝ ልጅ ነው። የሚያነበውን ጽሑፍ የሚያብራራለት ሰው አላገኘም እንጂ እጁ ከእኔ ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» የሚሉኝ አሉ። አሁን መንገድ ላይ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ እያረጁ በሄዱ ቁጥርም የሚነካካቸው እጅ ይበዛል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ቬንትሌተርና የውሃ ፓምፕ አለው፤ በዚያ ላይ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። እዚያም ዋናውን መስመር የሚቆርጡት ዛሬም በአብዛኛው ምላስ ያላቸው ትልልቅ ሪሌዎች ናቸው።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ በተማርንበት ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ደህና ዕቃ ብቻ ነበር የሚሰጠን፤ የሚሠራ ትራንዚስተር፣ የሚሠራ ሪሌ። የተቃጠለው ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ዛሬ አንድ ካርቶን ይዤ መጥቻለሁ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከጋራዥ የሰበሰብኳቸው የሞቱ ሪሌዎችና ሞስፌቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው መስመር እንደወጣና ሾፌሩ ምን ብሎ እንዳማረረ ጽፌበታለሁ። ለትምህርት ክፍሉ ትቼው እሄዳለሁ። ተማሪዎቹ ጽሑፉን ሳያዩ ክፍት ሆኖ የሞተውንና ተጣብቆ የሞተውን በመልቲሜትር ይለዩ፤ ከዚያ ሪሌውን በመጋዝ ይክፈቱት። ነጩ፣ 40 አምፒየር የሚለውም እዚያ ውስጥ አለ። እሱ ደህና ነው፤ ለ220 ቮልት ምድጃ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ምሳው እስኪቀርብ ጥያቄ ካለ እነሆኝ።