የገበሬ ቤት ፍቅርን ማን ይጽፈዋል?



እኔ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የወተት ላሞች እናረባለን፤ ገብስና ባቄላ እናመርታለን። የፍቅር ልቦለድም እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ረቂቅ ጨርሼ እያረምኩት ነው፤ ገና ማተሚያ ቤት አልገባም። ይህ የግብርና ኮሌጅ በምረቃችሁ ዕለት የጋበዘኝ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቤት እንዴት እንደማኖራቸው እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን በግብርና ተመራቂዎች ፊት ስለ ፍቅር ታሪክ መናገር ለምን እንደሚገባ ላስረዳ።

በአማርኛ ከተጻፉት የፍቅር ታሪኮች መካከል በሕዝብ ልብ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ ሲነሣ ሁላችንም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እናስባለን። በዛብህ የማንኩሳ ገበሬዎች ልጅ ነው። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ሊያጯት የሚመጡትን የሚመልሱ ባላባት ናቸው። እኚሁ ሰው በገበሬው ላይ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር ሲጭኑ ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል፤ ተዋግቶም ይማርካቸዋል። ደራሲው ይህን የገበሬ አመፅ በፍቅር ታሪክ ውስጥ ያስገቡት ለማጣፈጫ አይደለም። ልጅቱን ከምትወደው የሚለያትና ገበሬውን የሚያስመርረው አንድ ዓይነት ትዕቢት መሆኑን ስላዩ ነው። ማን ማንን ማግባት እንደሚችል የሚወስነው መሬቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሥርዓት ነበር።

ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ጆሮውን ሰጠ። ስለዚህ ገበሬው ለፍቅር ልቦለድ እንግዳ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ከአድማጮቹም መካከል አለ። ብዙ ጊዜ ያልታየው በጸሐፊው ወንበር ላይ ነው።

ውድ ተመራቂዎች፣ ያ ዘመን አልፏል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ጭሰኛና ባለ ርስት የሚባል ነገር ቀርቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል። ፍቅር ግን ዛሬም መሬት ላይ ይደናቀፋል። ወላጆቹ በመሬት ድልድል ያገኙት ማሳ ለወንድማማቾች የማይበቃ፣ የራሱ ይዞታ የሌለው፣ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ጎረምሳ ሽማግሌ ለመላክ ያፍራል። የሚወዳት ልጅ ሪያድ ወይም ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ ማታ በስልክ በኢሞ ድምፅ ትልክለታለች። ከዓመታት በኋላ የምትመለሰው ልጅና እዚህ ሆኖ የጠበቃት ልጅ አንድ ቤት ለመሥራት ሲነሡ ምን ይባባላሉ? ቤቱ በማን ገንዘብ ይሠራል? በማን አባት ግቢ? ይህ ትልቅ ልቦለድ የሚወጣው ጥያቄ ነው፤ የሚያውቁትም አብረው የሚኖሩት ሰዎች ናቸው።

ከውጭ የመጣ ጸሐፊ አረንጓዴውን ማሳ ያያል። ያየውንም አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል። በጥቅምት ወይም በኅዳር አንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ ባቄላውን ሲያከስለው ለጥር የታሰበው ሠርግ ለከርሞ እንደሚተላለፍ ግን የሚያውቀው ያ ሠርግ የተላለፈበት ቤት ነው። ባልና ሚስት ተኮራርፈው ሳለ ላሚቱ ምጥ ሲይዛትና ጥጃው አልወጣ ሲል፣ በአንድ ፋኖስ ሥር ጎን ለጎን ተንበርክከው ሲያዋልዱ ኩርፊያው እንዴት እንደሚረሳ የሚያውቀው ያንን ሌሊት ያነጋ ሰው ነው። በእኛ ቤት ሰው «እወድሻለሁ» ብሎ አፍ አውጥቶ ላይናገር ይችላል። ሚስቱ እንዳይበርዳት እሱ ቀድሞ ተነሥቶ በረት ይጠርጋል። እሷም ከእርሻ እስኪመለስ እሳቱን አታጠፋም። ይህን ፍቅር ወደ ወረቀት ማምጣት ጥበብ ይጠይቃል፤ ከጥበቡ በፊት ግን ማየትን ይጠይቃል።

ማየትን ደግሞ ይህ ኮሌጅ አስተምሯችኋል። ጠዋት ድራት ያሳየች ላም ወደ ማታ፣ ማታ ያሳየችው በማግስቱ ጠዋት እንደምትዳቀል ታውቃላችሁ። ምልክቱን ያላየ ገበሬ ሌላ 21 ቀን ገደማ ይጠብቃል። ላሚቱ ስትቅበጠበጥ፣ መኖ ስትተው፣ ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ ስትቆም ማስተዋል የወተት ላም አርቢ የዕለት ሥራ ነው። የልቦለዴ ዋና ገጸ ባሕርይ በሞተር ብስክሌት ቀበሌ ለቀበሌ የምትዞር አዳቃይ ባለሙያ ናት። ሰዓቱ ሳያልፍ መድረስ አለባት፤ ክረምት ነው፤ ጅረቱ ሞልቷል። ማዶ ሆኖ የሚጠብቃት ወጣት ያለው ሀብት አንዲት ጊደር ብቻ ናት። የሁለቱን ፍቅር ያስጀመርኩት በዚያ ጅረት ዳር ነው። ይህን ትዕይንት የሰጠኝ የእርሻ ሕይወቴ ነው።

አሁን ወደ ተጠየቅሁት ነገር ልምጣ፤ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ላም «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ አልብሻለሁ» አትባልም። ወተቱ ከጡቷ ካልወጣ ትታመማለች። ስለዚህ ጠዋትና ማታ፣ ሰዓቱን ጠብቀን፣ ቢከፋንም ቢደላንም እናልባለን። ለጽሑፌም የሰጠሁት ይህንኑ ሕግ ነው። ወተቱን ማሰባሰቢያው አድርሼ ስመለስ፣ የቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለው ሰዓት የልቦለዴ ነው። ልቤ እስኪነሣሣ አልጠብቅም። ተቀምጬ ስጀምር ልቤ ይከተለኛል። አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ ምልልስ ይወጣል። ሣር ሳጭድ የመጣልኝን ንግግር በስልኬ ድምፅ መቅጃ አስቀርቼ ማታ ወደ ደብተር እገለብጠዋለሁ። ላሞቹ የተዳቀሉበትን ቀንና የወተቱን ሊትር የምመዘግብበት ደብተር ከጀርባው የገጸ ባሕርያቴ መዝገብ ነው።

ዓመቱንም እንደ ወቅቱ እከፍለዋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከቤት ሲያውለን በብዛት እጽፋለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ አዲስ ምዕራፍ አልጀምርም፤ ማስታወሻ ብቻ እይዛለሁ። ያን ጊዜ ደቦ ላይ የምሰማው ጨዋታና የሽማግሌዎች ተረት ለክረምቱ ስንቅ ይሆነኛል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳሉ። የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ላሞቹ ግን መታለባቸው አይቀርም። ወተቱን እርጎ አድርገን እንንጣለን፤ ቅቤውን ለፋሲካ ገበያ እናቆያለን። ሥራው ይበዛል፤ የዕለት ገንዘቡ ይሳሳል። እንዲህ ባለው ወቅት የጽሑፍ ሰዓቴን አሳጥረዋለሁ እንጂ አልሰርዘውም። በየቀኑ የተነካ ታሪክ በአእምሮ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ ለወራት የተተወን ታሪክ ግን ለማስታወስ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል።

እዚህ ላይ እናቶችንና አባቶችን፣ በተለይም ዛሬ የሚመረቁትን ወንዶች ልጆቻችንን በአክብሮት ላነጋግር። የገጠር ሴት ቀን ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ኩበት መጠፍጠፍ፣ ልጅ ማሳደግና ከብት ማየት ሞልቶት ይውላል። ከዚህ ቀን ላይ ለመጻፊያ የሚሆን ሰዓት የሚገኘው ሌላ ሰው አንዱን ሸክም ሲቀበላት ነው። በእኛ ቤት የማታውን አለባ ባለቤቴ ወስዶታል። ስለ ልቦለድ ብዙ አይናገርም፤ የጻፍኩትን ሳነብለት ግን «ይህች ልጅ እንዲህ አትልም» ብሎ ያርመኛል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ሴት ልጃችሁ፣ እህታችሁ፣ ሚስታችሁ መጻፍ፣ መሣል ወይም መማር ከፈለገች «በርቺ» ማለት መልካም ነው፤ እንስራውን መቀበል ግን ከዚያ ይበልጣል።

እርሻንና ጽሑፍን አዛምዳ ለአህጉራችን ትልቅ ነገር የተወች አንዲት ሴትም ላስታውሳችሁ። ቤሲ ሄድ በ1937 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ተወለደች፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ከአፓርታይድ ሸሽታ ቦትስዋና ገባች፤ ሴሮዌ በምትባል ከተማም ኖረች። በኅብረት ሥራ የአትክልት ቦታ ትሠራ ነበር፤ ከጓሮዋ ከሚገኝ ፍሬ ማርማላታ እየሠራችም ትሸጥ ነበር። በስደት፣ በድህነትና በሕመም መካከል ጻፈች። መጀመሪያ ያሳተመችው ልቦለዷ ዝናብ በራቀው የቦትስዋና መንደር ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። አንድ ስደተኛና አንድ የግብርና ባለሙያ ገበሬውን በኅብረት ሥራ ለማደራጀት ይነሣሉ፤ ሴቶች ትምባሆ ተክለው መሸጥ ይማራሉ፤ ድርቁ ከብቱን ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ስደተኛው ከአንዲት ጠንካራ ሴት ጋር ይዋደዳል። ፍቅራቸውን ከእርሻው ነጥሎ መተረክ አይቻልም፤ የሚተዋወቁትም የሚተማመኑትም አብረው ሲሠሩ ነውና። ቤሲ ሄድ በ1986 እ.ኤ.አ. ስታርፍ ሴሮዌን የዓለም ሥነ ጽሑፍ የሚያውቃት ስፍራ አድርጋ ነበር።

ውድ ተመራቂዎች፣ ነገ የልማት ሠራተኛ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ አዳቃይ፣ የሰብል ባለሙያ ሆናችሁ ወደ ቀበሌዎች ትገባላችሁ። ሌላው የማይገባበት በረትና ጓዳ ይከፈትላችኋል። ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ የገባችሁበትን ቤት ምስጢር ጠብቁ። ጠላ ቀድቶ ያጫወታችሁን ሰው ገበና ለታሪክ ብላችሁ አታውጡ። የሰማችሁትን ሐዘንና ደስታ በልባችሁ አብስሉት፤ የማንም ሊሆን በማይችል፣ ሁሉም ግን «ይህ የእኔ ነው» በሚለው ታሪክ አውጡት።

ሁለተኛ፣ ሙያችሁንና ፍላጎታችሁን አታጋጩ። በአገራችን ጀማሪ ደራሲ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ ነው፤ ወረቀቱም ኅትመቱም ውድ ነው። የእኔ የማሳተሚያ ቁጠባ የሚመጣው ከወተት ነው። ስለዚህ ላሞቼን የጽሑፌ እንቅፋት አድርጌ አላያቸውም፤ ደመወዝ ከፋዮቼ ናቸው። እናንተም መጽሐፍ ለመጻፍ ብላችሁ ሥራችሁን አትልቀቁ፤ ገንዘብ አላመጣም ብላችሁም መጽሐፉን አትተዉ።

ሦስተኛ፣ ጀምሩ። መክሊታችሁ መጻፍ ላይሆን ይችላል። ክራር መደርደር፣ ሥዕል መሣል፣ የአባቶችን የዘር አያያዝ እውቀት መዝግቦ ማቆየት ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን ለሱ የታወቀ ሰዓት ስጡት። ሥራ ሲቀንስ፣ ቤት ስሠራ፣ ልጆች ሲያድጉ የሚባለው ጊዜ በእርሻ ቤት አይመጣም። በእርሻ ቤት ጊዜ ይመደባል፤ ከተመደበም ይበቃል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዘመናቸው የነበረውን የገበሬውን ቤት ፍቅር ጽፈውልናል። የዛሬውን ቤት፣ የሁለት ሰው ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር፣ ከሪያድ የሚመጣ ድምፅ፣ ውርጭ ያስተላለፈው ሠርግ ያለበትን ቤት ግን እሳቸው ሊጽፉልን አይችሉም። ዕዳው በእኛ ላይ ነው። እኔ ድርሻዬን እወጣለሁ፤ ልቦለዴንም አሳትማለሁ። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ከእኔ የተሻለ እንደሚጽፍ አምናለሁ፤ ያን መጽሐፍ ከገበያ ገዝቼ ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ ለማንበብ ቃል እገባለሁ።

የዘራችሁት ይብቀል፣ ያረባችሁት ይባረክ፣ የጻፋችሁት ይነበብ። የወላጆቻችሁ ድካም በእናንተ ይካስ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።