ተቀምጠሽ አጨብጭቢ

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ በአንዲት የቀድሞ የኪነት ቡድን አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ስለ ተወዛዋዥነት ሕይወትሽ ትንሽ ነገር በይን» ነበር ያለኝ። እሺ አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ስለ ጉልበቴና ስለ ጭንቅላቴ ካላወራሁ ሌላው ሁሉ ወግ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እስክስታ የምትጠብቁ ካላችሁ እሱ ከራት በኋላ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የተመረቅሁት በአካውንቲንግ ነው፤ እንጀራዬ ግን በግቢው የኪነት ቡድን የተማርኩት ውዝዋዜ ሆነ። 11 ዓመት በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ሠራሁ። ለማታውቁት፣ ሥራው እንዲህ ነው። ምሽት 1፡30 ይጀመራል፣ እስከ 5 ሰዓት ይዘልቃል። በአንድ ምሽት የጎጃሙን፣ የትግራዩን፣ የኦሮሞውን፣ የወላይታውን፣ የጉራጌውን እንጫወታለን። ልብስ የምንቀይረው ድምፃዊው አንድ ዘፈን እስኪጨርስ ባለው ጊዜ ነው። መድረኩ ሴራሚክ የለበሰ ሲሚንቶ ነው። የጎጃሙ ትከሻና አንገት ይፈልጋል፤ የጉራጌው እግር ነው፣ ጉልበት ይበላል። ደግሞ ፊት አለ። ትከሻሽ ቢደክም ከጎንሽ ያለው ይሸፍንልሻል፤ ፈገግታሽን ግን ማንም አይሸፍንልሽም። እንግዳው ብሩን ግንባርሽ ላይ የሚለጥፈው ፊትሽን አይቶ ነዋ!

ሰውነት ከመድረክ ሲወርድ ልብ አብሮ አይወርድም። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዓይን አይከደንም። አንዳንዶቻችን በቢራ እንተኛ ነበር፤ ለጠዋቱ ልምምድ ደግሞ በጫት እንነቃለን። የሙያው ጠባይ መስሎን ነበር። እንቅልፍ ማጣት ድባቴን እንደሚያባብስ፣ ድባቴም በተራው እንቅልፍ እንደሚነሳ የሰማሁት ሐኪም ፊት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የጉራጌውን ስንጫወት ቀኝ ጉልበቴ ቀጭ አለ። ጨዋታውን ጨረስኩት፤ ያውም እየሳቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ክፍያችን በቀን ነው፤ ያልጨፈረ አይከፈለውም። ስለዚህ 3 ሳምንት ማስታገሻ እየዋጥኩ ጨፈርኩ። በ4ኛው ሳምንት እግሬ እንቢ አለ፣ በቃ።

ቤት ዋልኩ። መጀመሪያ የቆጨኝ ገንዘቡ ነበር። ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር መጣ። ጎረቤት ሠርግ ነበርና ከበሮው ሲመታ መስኮቱን ዘግቼ ትራስ ደገፍኩበት። እኔ! ከበሮ በሰማሁበት ቆሜ የማላውቅ ሰው! ምግብ አስጠላኝ፤ ፀጉሬን መታጠብ ተራራ መውጣት ሆነብኝ። እናቴ «ዓይን ነው ልጄ፣ ስንቱ ሲያይሽ ኖሮ» አለችና ጸበል ወሰደችኝ። አልፈርድባትም። ከሷ በቀር ምን ሆነሻል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሐኪሙ «ድባቴ ነው» ሲለኝ «ድብርት» ያለ መስሎኝ ስቄ ነበር። እሑድ ከሰዓት የማይደብረው ማን አለ? እሱ ግን ለየልኝ። ድብርት ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐዘኑ ወይም የደስታ ማጣቱ ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ፣ ሥራ ካስተወ ግን ሕመም ነው፤ ይታከማል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈጅና በራሴ እንዳላቋርጠው አስጠነቀቀኝ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ክኒንሽን ሳታቋርጪ ተጠመቂ» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ቢሉኝ ኖሮ የቱን እንደምጥል አላውቅም።

ያን ሰሞን የግቢው አሠልጣኛችን ጋሼ ቤት መጡ። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። ቡናቸውን ጠጡ፣ ስለ ጉልበቴ አንድም አልጠየቁኝም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ማክሰኞ 11 ሰዓት ልምምድ አለ። ተቀምጠሽ አጨብጭቢ» አሉኝ።

ተናደድኩ። እኔ አጨብጫቢ? ቃሉም በፖለቲካው ስሙ የጠፋ ነው! ሄድኩ ግን። ያን ቀን እንዳየሁት፣ ጭብጨባው ከሳተ ትከሻውም ይስታል፤ አዲሶቹ ልጆች ከበሮውን ትተው የኔን እጅ ነበር የሚያዩት። ጭብጨባ አዳነኝ አልልም። መድኃኒቱ አለ፣ ፊዚዮቴራፒው አለ፣ እናቴ አለች። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ «ዛሬ ቀረች» የሚለኝ ሰው መኖሩ ግን ከአልጋ አስነሣኝ። ያንን ለመናገር ነው የመጣሁት።

እንግዲህ መምህራን፣ አትቀየሙኝ። ተማሪ ሲጎዳ «ዕረፍት አድርጊና ሲሻልሽ ተመለሽ» ብለን ወደ ቤት እንሸኛለን። እግሩ ይረፍ፣ ልክ ነው። ሰውየው ግን ከክፍሉ ለምን ይወጣል? ወንበር ይሰጠው፤ ያጨብጭብ፣ ይቁጠር፣ ልብስ ያዘጋጅ። ሌላው ደግሞ ኪሎ ነው። በሰው ፊት «ወፈርሽ እኮ» ማለት እንደ ቀልድ ይታያል። እኔም ማሠልጠን ከጀመርኩ በኋላ ለአንዲት ልጅ ብያለሁ። ሁለት ቀን ሳትበላ መጥታ ልምምድ ላይ ወደቀችብኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷ «ምንም አይደል እትዬ» ብላ ሳቀች። የሳቀችው ደግሞ በመድረኩ ፈገግታ ነው፤ ያንን ፈገግታ እኔ አጥቼው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ከኛ ቡድን ከበሮ የሚመታው ልጅ ዛሬ እዚህ የለም። ከኔ በፊት ነው ልምምድ መቅረት የጀመረው። እኛ «ጠፋኻ፣ ሀብታም ሆንክ?» እያልን እንቀልድበት ነበር። አንድ ማታ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ አየሁት፤ የኔ ዘፈን ደርሶ ስለነበር አለፍኩት። ከዚያ ሥራውን ተወ፣ ሰፈርም ቀየረ። በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ። ባለፈው ወር የድሮ ቁጥሩን ሞከርኩ፤ ሌላ ሰው አነሳው።

አዲሱ ቁጥሩ ያላችሁ፣ ወይም እህቱን የምታውቁ ካላችሁ፣ ከሻይ በኋላ በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ ታገኙኛላችሁ።