ዛሬ ነገ ስለ ማለትና የተጀመረ ሥራ ስለሚጸናበት መንገድ

(በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



በዚህ በደስታችን ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ የመረጥሁት ነገር ዛሬ ነገ ማለት የሚባለው ነው። በበዓል ቀን ስለ ስንፍና ማንሣት የማይገባ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዓል ሲቀርብ ሁሉ ይተጋል፤ ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት ትጋቱም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ለነገሩ ከዛሬ የተሻለ ቀን አላገኘሁለትም።

ዛሬ ነገ የሚል ሰው ሁሉ ሥራ ጠል አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አንዱን ሥራ የሚሸሸው ሌላ ሥራ እየሠራ ነው። በግብፅ በረሓ ኖሮ በ399 ዓ.ም. ያረፈው ኤዋግሪዮስ (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ይህን አመል በሚገባ መርምሮታል። አባቶች ሀኬት ያሉት ይህ መንፈስ በቀትር ጊዜ መነኩሴውን ይጎበኘዋል፤ ፀሓይዋን የቆመች፥ ቀኑንም የ50 ሰዓት ያህል የረዘመ ያስመስልበታል፤ ወደ መስኮቱ ያስመለክተዋል፤ በመጨረሻም በሌላ ስፍራ የሚቀልና የሚጠቅም ሥራ እንዳለ አድርጎ ያስጎመዠዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚያስመኘው ዕረፍትን ሳይሆን ሌላ ሥራን ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢባል፥ ብዙ ሰው ብርቱ ቍርጥ ሐሳብ ነው ይላል። እኔ ግን በዚህ ብዙ እምነት የለኝም። በሞቀ ልብ የተገባ ቃል፥ ልቡ በበረደ ጊዜ ጠባቂ የለውም። ጠባቂው ከልብ ውጭ የቆመ ነገር መሆን አለበት፤ ይኸውም የታወቀ ቀን፥ የታወቀ ቦታና የተወሰነ ድርሻ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ አናመጣም፤ ዳዊታችንን እንመልከት። 150 መዝሙር ባንድ ጊዜ ድገም ቢባል፥ ብዙው ሰው ነገ ይሻላል ባለ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ለሳምንቱ ተከፍሎ ተሰጠን። ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ ለእሑድም የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ተመድበዋል። ደጋሚው በየማለዳው ልድገም ወይስ ልተው፥ ስንትስ ልድገም እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ቀኑ ራሱ ይነግረዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን፥ ማክሰኞን ያስታጐለ ሰው ረቡዕ ሲነጋ የሚጠብቀው ከ61 የሚጀምረው የረቡዕ ድርሻ መሆኑ ነው። የትናንቱ ዕዳ ተቈልሎ በሩን አይዘጋበትም። ብዙ መልካም ልማድ የሚሞተው በታጐለበት ቀን አይደለም፤ ባለቤቱ በማግሥቱ የሁለቱን ቀን ባንድ ጊዜ ካልከፈልሁ ብሎ፥ ያም ሲከብደው ሁሉን በተወበት ቀን ነው።

የዘመናችን ሊቃውንትም ከዚሁ ደርሰዋል። ጎልቪትዘርና ብራንድሽቴተር በ1997 ባወጡት ጥናት፥ ተማሪዎች የልደትን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራቱ ሦስቱ በጊዜው ጻፉ፤ እንዲሁ ከተተዉት ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ። በ2010 ደግሞ በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን በአዲስ ልማድ ላይ ተከታትለው ልማዱ የሚጸናው በ66 ቀን ገደማ መሆኑን አዩ፤ እንደየሰዉም ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መታጐሉም ልማዱን አላፈረሰውም።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለመዘግየት መሸፈኛ የምናደርግ ብዙዎች ነን። ዶሮይቱን ግን ማን ተመለከተ? 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ጥሬ ለመልቀም ትነሣለች፥ ሳይበርድባትም ትመለሳለች። ቀስ ማለቷ እንዲህ ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ደብራችን ልመልሰው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ስትተከል ያዩ አረጋውያን እየጐደሉ ነው። ቦታውን ማን እንደ ሰጠ፥ ድንጋዩ ከየት እንደ ተጋዘ፥ የመጀመሪያው ቅዳሴ ዕለት ማን ማን እንደ ነበረ፥ ይህ ሁሉ ይጻፍ ከተባለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጽሕፈቱ የዘገየው ታላቅ መጽሐፍ ሆኖ ስለ ታሰበ ይመስለኛል፤ ታላቅ መጽሐፍ ደግሞ የሚጀመርበት ቀን አይገኝለትም። እንቅልፍ ወስዶን ብንዘገይ ጣራ ይታደሳል፥ ደወል ይገዛል፤ አንድ አረጋዊ ይዘውት የሄዱት ነገር ግን በገንዘብ አይመለስም።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ከበዓሉ በኋላ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ፥ ኪዳን እንደ ደረሰ፥ በዕቃ ቤቱ ደጅ አንድ መዝገብ ተከፍቶ ይቀመጥ። በየሳምንቱ አንድ አረጋዊ ይናገሩ፥ አንድ ወጣት ይጻፍ፥ አንድ ገጽ ብቻ ይሙላ። ቅዳሜው ቢታጐል በሚቀጥለው አንድ ገጽ እንጂ ሁለት አይጻፍ። ግንቡ ሲሠራ ውሃ ከወንዝ ያመላልሱ የነበሩት እማሆይ፥ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እናገራለሁ ብለው ፈቅደዋል፤ የሚጽፍላቸው ልጅ ግን ገና አልተገኘም።