በየቤታችን ስላየነው ፊልም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን ብዙዎቻችን በየቤታችን «ድፍረት» የተሰኘውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን ፊልም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ ሴት ጠበቃ ትቆምላታለች።

ሐሳባችን ለየቅል ሆነ። «ነፍስ ማጥፋቷስ?» ያልን አለን፤ «ታዲያ ማን ደረሰላት?» ያልንም አለን። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል፦ «ልማድ ነው» ብሎ ዝም ያለው መንደርም ተጠያቂ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እኮ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር! በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል።

ሕጉ ቢሻሻልም፣ በደልን በሽምግልና ካድበሰበስነው ምን ዋጋ አለው? እንግዲህ ፊልሙን ከሴቶች ልጆቻችን ጋር ብቻ ሳይሆን ከወንዶቹም ጋር ቁጭ ብለን እንየው፤ እንነጋገርበትም።