ከኵል እስከ አልኮል

(በክረምቱ ዕረፍት ጎብዬ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የእርሻው ሥራ በበዛበት በዚህ ወቅት እኛን ልጆቻችሁን ለመስማት በመምጣታችሁ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ንግግር ያደርጋሉ ሲባል ብዙ ሰው ስለ ሩቅ አገር ነገር የሚወራ ይመስለዋል። እኛ ግን የመረጥነው ርእስ ከእናቶቻችን ብልቃጥ የማይጠፋ ነገር ነው፤ ይኸውም ኵል ነው።

በኬሚስትሪ ትምህርት ተማሪ ሁሉ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «አልኮል» ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፤ ተማሪው ይገለብጠዋል፤ ለፈተናም ያጠናዋል። ሆኖም ይህ እንግዳ የሚመስል ቃል የቤታችን ልጅ መሆኑን የሚነግረን እምብዛም አይገኝም። በግዕዝ ኵሕል፣ በዓረብኛ ኩሕል፣ በአማርኛ ኵል የሚባለው አንድ ቃል ነው። እኛ አንድ የታወቀ ኵል ስናመለክት መጨረሻውን ለውጠን «ኵሉ» እንላለን፤ ዓረቦች ደግሞ ከፊቱ «አል» ጨምረው «አል ኩሕል» ይላሉ። አልኮል የተወለደው ከዚህ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የጥንት ግብፃውያን ወንዱም ሴቱም ዓይናቸውን ይኳሉ ነበር። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 9 ኤልዛቤል ዓይኗን መኳሏ ተጽፏል። ኵሉ ይገኝ የነበረው ከሚያብረቀርቁ ጥቁር ድንጋዮች ነው፤ አንዱ አንቲሞኒና ድኝ፣ ሌላው እርሳስና ድኝ የተዋሐዱበት ነው። ዛሬም ኬሚስቶች አንቲሞኒን በምልክት የሚጽፉት «ስቲቢየም» ከሚለው የላቲን ስም ሁለት ፊደል ወስደው ነው፤ ይህም ለዓይን የሚኳለው ድንጋይ ስም ነበር።

እንግዲህ ጥቁር ዱቄት እንዴት ነጭ ፈሳሽ ሆነ? (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኵል ለዓይን የሚሆነው እጅግ ሲልም ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ወደ አውሮፓ በተሻገረ ጊዜ የጥንት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ማናቸውንም እጅግ የላመ ዱቄት «አልኮል» ይሉት ጀመር። ቀጥሎም ቃሉ ከዱቄት አልፎ የማንኛውም ነገር ረቂቅና የጠራ ክፍል መጠሪያ ሆነ። ከ1493 እስከ 1541 የኖረው ስዊሳዊው ሐኪም ፓራሴልሰስ ከወይን ጠጅ በእሳት ተጣርቶ የሚወጣውን ፈሳሽ «የወይን አልኮል» ብሎ ጠራው፤ የወይኑ ረቂቅ ክፍል ማለቱ ነው። በ1787 ላቮዋዚዬና ሦስት የፈረንሳይ ጓደኞቹ የኬሚስትሪን ስሞች በአዲስ ደንብ ሲያወጡ «አልኮል» የሚለውን ለዚሁ ፈሳሽ መደቡት። ዱቄቱ ከስሙ ወጣ፤ ፈሳሹ ወራሽ ሆነ።

ይህ የማጣራት ሥራ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ድፍድፉን በሸክላ ዕቃ ጥደው እንፋሎቱን በሸምበቆ ወደ ሌላ ዕቃ ያሳልፉታል፤ ሁለተኛው ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስለሚቀመጥ እንፋሎቱ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ምሥጢሩ አልኮል በ78 ዲግሪ ግድም ሲፈላ ውኃ ግን በባሕር ጠለል ላይ እስከ 100 ዲግሪ የሚቆይ መሆኑ ነው። «አረቄ» የሚለውም ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ላብ ነው። ያን ጠብታ ያየ ሰው ስሙ ከምን እንደ መጣ ወዲያው ይገባዋል።

የቃሉ ጉዞ በዚህ አላበቃም። በ1830ዎቹ ዱማና ፔሊጎ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከእንጨት የሚወጣውን ፈሳሽ መርምረው የወይኑ አልኮል ዘመድ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ አልኮል የአንድ ነገር ስም መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ ስም ሆነ። በ1892 ኬሚስቶች ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ለዚህ ቤተ ሰብ አባላት ሁሉ በስማቸው መጨረሻ «ኦል» የምትል ጅራት ወሰኑላቸው፤ ኤታኖል፣ ሜታኖል የምንለው በዚህ ደንብ ነው።

አድማጮቻችን፤ ይህን ሁሉ የምንተርከው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ስሙ ይውላል፤ ውስጡ ግን ይለወጣል። ከዚህ የተነሣ ስሙን አምኖ ውስጡን የማይመረምር ሰው ሊጎዳ ይችላል።

አንደኛውን ምሳሌ ከኵሉ እንውሰድ። ገበያ ላይ ኵል ተብሎ የሚሸጠው አንዱ ከከሰል ወይም ከጥላሸት፣ ሌላው ከአንቲሞኒ፣ ሌላው ደግሞ ከእርሳስ ድንጋይ የተፈጨ ሊሆን ይችላል። በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ጥቁር ነው። የእርሳሱ ድንጋይ በክብደት ከመቶው 86 ያህሉ እርሳስ ነው። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ሲጠባ ያን ይውጠዋል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ለሕፃን ጉዳት የማያመጣ መጠን አለመታወቁን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ ተማሪ በእጁ የሚይዘው የመጻፊያ እርሳስ በስሙ እርሳስ ሲሆን በውስጡ እርሳስ የለበትም፤ በስሙ እርሳስ ያልተባለው ኵል ግን ሊኖርበት ይችላል። ልትኩል ብላ ዓይን አጠፋች የሚለውን የአገራችንን አባባል እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ክርስቲያንና እስላም ሳይለይ እናቶቻችንን በትሕትና የምንለምነው ከምን እንደ ተሠራ ያልታወቀ ኵል የሕፃን ዓይን እንዳይነካ ነው። ኵልን የምናከብረው ከእናንተ ስለተቀበልነው ነው፤ የምንመረምረውም ስለምናከብራችሁ ነው።

ሁለተኛው ከአልኮል ወገን ነው። ኤታኖልና ሜታኖል በመልክ ውኃ ይመስላሉ፤ በሽታም ይቀራረባሉ። ነገር ግን ሜታኖል ከሰው ሰውነት ሲገባ ወደ ሌላ መርዝ ተለውጦ የዓይንን ጅማት ያቃጥላል፤ ያሳውራል፤ ይገድላልም። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ «አልኮል» የሚለው ቃል በየሱቁ በር በተጻፈበት ወቅት ሜታኖል ያለባቸው የእጅ ማጽጃዎች በአሜሪካ ገበያ ተገኝተው የጤና መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዓይን ከሚያስጌጥ ዱቄት የተወረሰ ስም ዓይን ለሚያጠፋ ፈሳሽም መጠሪያ ሆኗል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የደስታ ነው፤ ከማሳችንም የተገኘ ነው። አቀንጭራ በማሽላችን ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ለራያ ገበሬ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው በአጠገቡ ያለ የሰብል ሥር የሚያወጣውን ረቂቅ ነገር ሲያገኝ ነው። በ1966 የአሜሪካ ሊቃውንት ይህን ቀስቃሽ ነገር መጀመሪያ ከጥጥ ሥር ለይተው አወጡና «ስትሪጎል» አሉት፤ ስትሪጋ የአቀንጭራ የሳይንስ ስም ሲሆን የመጨረሻዋ «ኦል» ያችው የአልኮል ጅራት ናት። ከኵል የተነሣው ቃል ዞሮ እርሻችን ውስጥ ገባ። አገራችን ያፈራቻቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ምሥጢር ተከትለው ከሥራቸው ቀስቃሹን በጥቂቱ ብቻ የሚያወጡ የማሽላ ዓይነቶችን አዳበሩ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2000 ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከወጡት ከእነዚህ ማሽላዎች አንዱ የሚጠራው በዚችው በከተማችን ስም «ጎብዬ» ተብሎ ነው።

እንግዲህ ለታናናሾቻችን የምንለው ይህ ነው። አዲስ ቃል በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከየት መጣ? ዛሬስ በውስጡ ምን አለ? የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይንስ የባዕድ ገንዘብ ብቻ ነው ከሚል ፍርሃት ያድናችኋል፤ ሁለተኛው ስም በመሸምደድ አዋቂ የሆኑ እንዳይመስላችሁ ይጠብቃችኋል። መምህራችሁ መልሱን ባያገኝ ደግሞ ለእናቶቻችሁ አቅርቡላቸው፤ የዚህ ንግግር ግማሹ ያለው በእነርሱ ብልቃጥ ውስጥ ነውና።