እግሬን ያሳመመው አፈር ነው፤ እርግማን አይደለም

(በየጥኖራ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ስለ ዝሆኔ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በረዥም ቀሚስ የሸፈንኩትን ነገር በሰው ፊት ማውራት ቀላል አይደለም። ግን እኔ ያባከንኩትን ጊዜ ሌላ ልጅ እንዳታባክነው ብዬ መጣሁ።

እግሬ ማበጥ የጀመረው በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የጣቶቼ መሐል በላኝ፤ ውስጥ እግሬን አቃጠለኝ። ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድል ነበር። ኋላ መጉደሉን ተወ። ታጭቼ ነበር፤ የልጁ ቤተሰቦች «በዘሯ አለባት» ብለው ነገሩን አፈረሱት። እናቴ ጠበል ወስዳኝ ሁለት ሱባዔ ያዝኩ። ልቤ አረፈ፤ እብጠቱ ግን አልቀነሰም። ከዚያ አንድ የባህል ሐኪም «መጥፎው ደም ይውጣ» ብሎ በምላጭ በጣው፤ ቅጠልም አሰረበት። ክረምቱ ሲወጣ ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር።

ምክንያቱን የሰማሁት ጤና ጣቢያ ከሄድኩ በኋላ ነው። የበሽታው የሕክምና ስም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን እግርንና አቧራን ያመለክታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ስንሄድ፣ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳችን ይገባሉ። ቅንጣቶቹ በሰውነታችን ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ ይደፍናሉ። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ቆላ ላይ በወባ ትንኝ ዓይነት ንክሻ የሚመጣው ዝሆኔ ሌላ ነው። የእኛው የደጋና የወይና ደጋ በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«ታዲያ ለምን በአንድ ቤት ይበዛል?» ትሉኛላችሁ። አፈሩ ቶሎ የሚጎዳው የሰውነት ጠባይ በዘር እንደሚወረስ ጥናት አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ለአፈሩ መሸነፍ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ከእኛ ቤት የተወለደች ልጅም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ ካደረገችና እግሯን ከታጠበች ልትድን ትችላለች።

ከመሬት የሚነሣ በሽታ የያዘው እኛን ብቻ አይደለም። በቱርክ ቀጰዶቅያ በምትባል አገር፣ ቤታቸውን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሠሩ ገበሬዎች በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኤሪዮናይት የተባለ ማዕድን ሲተነፍሱ ኖረው ሜሶቴሊዮማ በሚባል የሳንባ ሽፋን ካንሰር አልቀዋል። በሌላው ዓለም ይህንኑ ካንሰር በብዛት የሚያመጣው አስቤስቶስ ነው። እነዚያ ሰዎች ሕመሙ ከታየ በኋላ የሚቀራቸው ዕድል በጣም ጠባብ ነው። የእኛው ግን ገና ሲጀምር ከያዝነው ሊመለስ ይችላል፤ ከቆየም ይቀልላል። ይህን ሳስብ ያባከንኳቸው ዓመታት ይቆጩኛል።

ሕክምናው ምንድን ነው? በየቀኑ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የጣቶችን መሐልና የቆዳውን እጥፋት ሳይቀር። የጤና ባለሙያ በነገረን መጠን ትንሽ በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ። በደንብ ማድረቅ። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት። ስንቀመጥና ስንተኛ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ለሚያስፈልገው በሠለጠነ ሰው የሚታሰር ፋሻ አለ። እባጭ ላወጣ እግር ቀዶ ሕክምና አለ። ከሁሉም ጋር ካልሲና እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ።

ይህ ይሠራል ወይ? በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በ2007 ዓ.ም. በተጀመረ ጥናት 696 ሕሙማን ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። ገሚሶቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ፤ ሌሎቹ ከዓመት በኋላ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለ የሚያስተኛን ግርሻ ተራ በሚጠብቁት ላይ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ሲነሣ፣ በታከሙት ላይ ወደ 19 ጊዜ ወረደ። «አሁንም ብዙ ነው» ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ግርሻ ለቀናት ያስተኛል። አምስቱ ሲቀር በአረምና በአጨዳ ወቅት ስንት ቀን እንደሚተርፍ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ጠበሉ ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህን ነውና። እኔ ዛሬም ጠበል እሄዳለሁ። የሚያክመኝ ባለሙያም አልከለከለኝም። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ከጠበሉ ስትመለሺ እግርሽን አድርቂ፤ መንገዱን በጫማ ሂጂ፤ ሱባዔ ላይ ሆነሽም መታጠቡን አታቋርጪ።» ጸሎት ለነፍሴ ብርታት ነው፤ ሳሙናው ለቆዳዬ። ሁለቱ ተጣልተው አላየሁም። የተጣሉኝ ምላጩና ቆዳ የሚያቃጥለው ቅጠል ናቸው። ያበጠ እግር መበጣት፣ መተኮስና በሚያቃጥል ቅጠል ማሰር ለሌላ ተውሳክ በር ይከፍታል። ግርሻ ሲመጣ ደግሞ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማብረድ፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ማኅበራችን ሳምንታዊ የእግር ማጠቢያ ቀን ከጀመረ ወዲህ ያገኘሁት ሌላም መድኃኒት አለ። ቀድሞ በጽዋ ቤት በር አጠገብ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። አሁን ሰባት ሆነን በየሳፋችን እግራችንን ዘፍዝፈን ቡናችንን እንጠጣለን። አንዷ ስትቀር ሌላዋ ሄዳ ትጠይቃታለች፤ ያቋረጠችው ትመለሳለች።

ደጋፊዎቻችን፣ ለልጆች ጫማ ስለምትሰጡን እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህ እንዳይቋረጥ። ነገር ግን ያበጠ እግር በገበያ ጫማ አይገባም። በልክ የሚሠራ ሰፊ ጫማ ያስፈልገናል፤ በየወሩ የማይቋረጥ ሳሙናም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ብዙ ከምትሰጡን፣ ጥቂቱን ዓመቱን ሙሉ ብትሰጡን ይሻላል፤ እግሩ የሚታጠበው በየቀኑ ነውና።

እናቶች፣ ልጃችሁ «ጣቴን በላኝ፤ ውስጥ እግሬ ተቃጠለ» ካለቻችሁ አትደብቋት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እኔን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እናንተ ግን ዛሬ ሰምታችኋል።