ከጭነቱ በፊት የፈረሱ ጨጓራ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በሮቤና በጎባ ዙሪያ መኪና በማይገባበት መንገድ ሁሉ የስንዴውና የገብሱ ጭነት የፈረስና የአህያ ነው። ታዲያ ፈረሱ ሲከሳ፣ መኖውን ሲተው፣ መጫኛው ሆዱ ላይ ሲጠብቅ ለመናከስ ሲዞር፣ ብዙ ጊዜ «ለገመ» ይባልና አለንጋ ይከተለዋል። ሕመሙ ከጨጓራው ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የፈረስን ጨጓራ በቁሙ ማየት የሚቻለው በኢንዶስኮፒ ነው። ይህም 3 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ለሰው የሚያገለግለው አጭር ስለሆነ ለዐዋቂ ፈረስ አይበቃም። ፈረሱ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መኖ ሳይቀምስ ይቆይና የሚያረጋጋ መርፌ ይወጋል፤ ቱቦው በአፍንጫው ገብቶ ወደ ጨጓራው ይወርዳል። አየር ሲነፋበት የጨጓራው ግድግዳ ይዘረጋል። ሐኪሙም ቁስሉን፣ ከዚያም አልፎ የቀጭኑን አንጀት መጀመሪያ ያያል።

መሣሪያው ውድ ነው፤ ያሳየው ነገር ግን መሣሪያው በሌለበትም ይጠቅማል። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ባይገባበትም ሌት ተቀን አሲድ ያመነጫል። የታችኛው ክፍል ከአሲዱ የሚጠብቀው ሽፋን አለው፤ የላይኛው የለውም። ፈረሱ ባዶ ሆዱን ሲሮጥ አሲዱ ወደ ላይ ይረጭና ያቆስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በዴንማርክ በ201 ፈረሶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሣር ወገን ገለባ ብቻ የሚበሉት ለቁስሉ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ከመኸር በኋላ በየደጁ የሚከመረው ምን እንደሆነ አባላት ያውቁታል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ጥቂት ድርቆሽ ወይም ሣር ይቅመስ፤ ገብስ ብቻውን አይተካውም።

በካሜራው የሚታየው ሌላው ነገር ግድግዳው ላይ የተጣበቀ የዝንብ እጭ ነው። ዝንቧ በፊት እግሩ ፀጉር ላይ ቢጫ እንቁላል ትጥላለች፤ ፈረሱ ሲልሰው ወደ ሆዱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ የሥራ አህዮች ፊንጢጣ ለሚወጣበት ችግር ዋና ምክንያት ሆኖ ያገኘው ይህንኑ እጭ ነው። ለትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል እጩን አይገድለውም፤ የሚገድለው አይቨርሜክቲን ነው፤ መጠኑንም የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ይወስናል። እንቁላሉ ግን በለብ ያለ ውኃና በጨርቅ ሊታጠብ ይችላል፤ ለዚህ ሐኪም መጠበቅ አያስፈልግም።